ክራሯ ቀረ፤ መድረኳስ?

በክረምቱ መውጫ ላይ አምስት ሆነን ጓሳ ወጥተን ነበር። የሄድነው ለጭላዳ ዝንጀሮና ለቀይ ቀበሮ ነው። ጭላዳውን እስኪበቃን አየነው፤ ቀይ ቀበሮው ግን… ያስጎበኘን ልጅ ‹‹እሱ እናንተን አይቷችኋል›› ብሎ አጽናናንና ተመለስን። ማታ መሐል ሜዳ አንድ ቤት አደርን። የመንዝ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ባና ተከናንበን፣ ምድጃ ከበን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ (ስለ አረቄው አናወራም) ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ዘፈን ከፈተ። አስናቀች ወርቁ ናት። ክራርና ድምፅ።

የቤቱ እመቤት ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙና ‹‹ይቺ አዝማሪ የየት አገር ሰው ናት?›› አሉ። ልንመልስ አፋችንን ስንከፍት ጥጉ ላይ የተቀመጡት አባወራ ቀደሙን።

‹‹አዝማሪ አይደለችም። የቴአትር ሰው ናት። እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ።››

እርስ በርስ ተያየን። አምስታችንም ክራሯን እናውቃለን፤ ስልካችን ላይም አለ። መድረክ ላይ ስትተውን ያየ ግን ከአምስታችን አንድም አልነበረም። አንዳችን እንዲያውም ተዋናይት መሆኗን የሰማው ያን ማታ ነው (ስሙን አንጠራም፤ ስለ ሥነ ጥበብ የሚጽፈው እሱ ነው)። ለካ ትዝታዋ በእጃችን ያለው በግማሹ ነው! ከጓሳ እንደተመለስን ይህን ጽሑፍ የጀመርነው በዚያ ማታ ኀፍረት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ትንሽ ወደ ኋላ እንበል። ዘመናዊ የምንለው ቴአትር በአገራችን የጀመረው በ1910ዎቹ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎቹን ኮሜዲያ ‹‹ፋቡላ››ን ጽፈው ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ ነው። እንስሳቱ እየተናገሩ የቤተ መንግሥቱን ሰው ይሸነቁጡ ነበርና መኳንንቱ አልሳቁም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። በኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ በእነ ዮፍታሔ ንጉሤ ብዕር ተመልሶ ሲመጣ ማደሪያው ትምህርት ቤት ሆነ፤ ተዋንያኑም በአብዛኛው ወንዶች ተማሪዎች ነበሩ። በድርሰቱ ውስጥ ሙሽራ ካለች አንዱ ልጅ ነጠላ ይከናነባል፣ ድምፁን ያቀጥናል፣ ነገሩ አለቀ።

በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ጦሯን ድንበራችን ላይ ስታከማች መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ዓላማው ሕዝቡን መቀስቀስ ነው። ንግግር አለ፣ ፉከራ አለ፣ ቀረርቶ አለ፣ ማሲንቆ አለ። ይህንን ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያደገበት ነው። ለእኛ የሚገርመን ግን በጭንቁ ሰዓት መንግሥት ‹‹አዝማሪ›› እየተባለ የሚናቀውን ሰው ጠርቶ መድረክ ላይ ማውጣቱ ነው። ጠላትም ኃይሉን አውቆታል። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶቹ እየለቀሙ ከገደሏቸው ሰዎች መካከል ባሕታውያን፣ ጠንቋዮችና ከአገር አገር እየዞሩ የሚያዜሙ አዝማሪዎች ነበሩበት። ጠላት እንደ ጦር መሣሪያ የፈራውን ሰው፣ ሰላም ሲመጣ እኛ ልጃችንን አንድርለትም!

ከነፃነት በኋላ ሀገር ፍቅር እንደገና ተነሳ፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የራሱን የቴአትርና የሙዚቃ ቡድን አቋቋመ። ቴአትሩ ደራሲ አላጣም፣ ተመልካችም አላጣም። ያጣው ሴት ነው። የትኛው አባት ነው ልጁን እዚያ የሚልክ? ስለዚህ የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ያዙት። ከእነሱ ሁሉ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው ደግሞ አገር በሙሉ በሌላ ሥራ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው፤ አባባ ተስፋዬ።

ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ተወለዱ። እኛ በቴሌቪዥን የምናውቃቸው ሽማግሌ ሆነው ነው። ‹‹ጤና ይስጥልኝ ልጆች›› ሲሉን ‹‹ጤና ይስጥልኝ›› ብለን ለቴሌቪዥኑ መልስ የሰጠን ትውልድ ነን (አሁንም የማናፍርበት ነገር ነው)። በወጣትነታቸው ግን ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉር ደፍተው፣ ድምፃቸውን ቀይረው የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱ ተዋናይ ነበሩ። ሙዚቃ መሣሪያ ይጫወታሉ፣ ያዜማሉ፣ ምትሐት ያሳያሉ፣ ያስቃሉ። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በዘመተበት ጊዜም ወታደሩን ለማዝናናት እዚያው ድረስ ሄደዋል። ያኔ የመድረክ ሰው ማለት ይህ ነው። ‹‹እኔ ተዋናይ ነኝ፣ መዝፈን ሥራዬ አይደለም›› የሚል ሰው በዚያ ዘመን ሥራ አያገኝም። ተዋናይነትና ሙዚቀኝነት ሁለት ሙያ የሆኑት በኋላ ነው።

አስናቀች ወርቁ የገባችው ወደዚህ ዓለም ነው።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውለናል። ተስፋዬ ሣህሉን አንቱ አልን፣ አስናቀችን ግን አንቺ ልንላት ነው። ሁለቱም የአንድ ዘመንና የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው። ‹‹አርቲስትን አንቺ ማለት ከፍቅር ነው›› ይባላል፤ እኛም ያደግንበት ልማድ ስለሆነ መተው አቃተን። ግን ከፍቅር ብቻ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለንም።)

አስናቀች የተወለደችው በ1920ዎቹ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ከአዝማሪ ቤተሰብ የወጣች፣ ሙያውን ከአባትና ከእናት የወረሰች አይደለችም። የመጀመሪያ ክራሯን በ25 ሳንቲም እንደገዛችና ማንም ሳያስተምራት ራሷ እንደለመደችው ይነገራል። ሃያ አምስት ሳንቲሟን እንዳለች እንቀበላት። ቁም ነገሩ ራሷ መልመዷ ላይ ነው። ክራር ከበገና ጋር ሲያዩት የአንድ እናት ልጅ ይመስላል፤ ያው ሳጥን፣ ያው ቆዳ፣ ያው ጅማት። አበሻ ግን ለይቷቸዋል። በገና የዳዊት ነው፣ ለጾምና ለጸሎት ይደረደራል። ክራር ደግሞ የሰይጣን ነው ተባለ። ክራር የያዘች ሴት ሲያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ጠጅ ቤት ነበር። ስለዚህ አንዲት የስድስት ኪሎ ልጅ በራሷ ገንዘብ ክራር ገዝታ ቤት ስትገባ ሠፈሩ ምን እንዳለ ለመገመት ታሪክ ማገላበጥ አያሻም።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ ‹‹የፍቅር ጮራ›› በተሰኘ ቴአትር መድረክ ላይ ወጣች። ብዙዎች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የመድረክ ተዋናይት ይሏታል። ‹‹የመጀመሪያ›› የሚለው ቃል አገራችን ውስጥ ሁሌም ክርክር አያጣውም፤ ሌሎችን የሚጠሩም አሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ብንል የሚጣላን አይኖርም። የሚጣላ ካለም በደረጃው ነው እንጂ በድፍረቷ አይደለም። በዚያ ቀን የሆነውን እስቲ አስቡት። አዳራሹ የለመደው ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ መሳቅ ነው። የሴቷ ገጸ ባሕርይ ስታለቅስም ሰው ግማሽ ልቡ ይስቃል፤ ከቀሚሱ ሥር ማን እንዳለ ያውቃላ! አሁን ግን የወጣችው እውነተኛ ሴት ናት። ቀልዱ አለቀ። ፍቅር የሚለው ነገር መድረኩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ሆነ። የምር ሲሆን ደግሞ ወሬውም የምር ይሆናል። ወንዱ ተዋናይ ከመድረክ ወርዶ ቀሚሱን አውልቆ በሱሪው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሷ ግን የተጫወተችው ነገር ሁሉ ተከትሏት ቤቷ ይገባል። ሴሰኛ ከተጫወተች ሴሰኛ ናት፤ ባሏን የከዳች ከተጫወተች ‹‹ድሮስ›› ነው።

አስናቀች ግን አንገቷን አልደፋችም። ቁንጅናዋና አለባበሷ ዛሬም ድረስ ይወራል፤ ስለ ፍቅር ሕይወቷም እንዲሁ። ልታይ ልታይ የምትል ሰው ነበረች የሚሉ አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ የሚባለው ሥራዋ መታየት ስለሆነ ሰው ነው!

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው) ተከፈተ። ሕንፃው የተጀመረው በጣልያን ጊዜ ለሲኒማ ነበር። ምርቃቱ ላይ የታየው የመኮንን እንዳልካቸው ‹‹ዳዊትና ኦርዮን›› ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣው ሰው፣ ሙዚቀኛውም ተዋናዩም፣ እዚህ ተሰባሰበ። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ከማዘጋጃ ቤት ወደዚሁ ቴአትር ተሻግሮ ለዓመታት የሙዚቃውን ክፍል መርቷል። ከበዬ የሚሰማው ኦርኬስትራው ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ማሲንቆና ክራር የያዙ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። አስናቀች ለአሥርተ ዓመታት ደመወዝ የበላችው በዚህ ቤት ነው።

የቤቱን አሠራር ማወቅ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የእሷን ሥራ የምንረዳው በእሱ ነው። የአንድ ምሽት ትርዒት ቴአትር ብቻ አልነበረም። ዘፈን አለ፣ ውዝዋዜ አለ፣ አጭር ቀልድ አለ፣ ዋናው ድራማ አለ። ተዋንያኑ ቋሚ ቅጥረኞች ናቸው። በአንዱ ድርሰት የከበረ ቤት እመቤት የሆነች ሴት በሚቀጥለው ገረድ ትሆናለች፣ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ አልቃሽ፣ ከዚያ አማት። ዛሬ ‹‹መሪ ተዋናይት›› የምንለው ነገር ፊልም ያመጣው ነው። የዚያ ዘመን ተዋናይ ጌጥ ሌላ ነበር፤ ማንንም መሆን መቻል። ተመልካቹም ወጥቶ ሲሄድ የሚያወራው ስለ ገጸ ባሕርይዋ ነው። የከበደ ሚካኤል፣ የመንግሥቱ ለማ፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ድርሰቶች መድረክ ላይ የቆሙት እንዲህ ባሉ ሰዎች ትከሻ ነው። በትምህርት ቤት የደራሲዎቹን ስም ሸምድደናል። የተዋንያኑን ስም የጠየቀን መምህር ግን አልገጠመንም።

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት መጋረጃው ሲዘጋ ክራሯን የምታነሳው።

የክራር አጨዋወት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ግርፍ ነው፤ ጅማቶቹ በአንድነት ይመታሉ፣ የማይፈለጉትን የግራ እጅ ጣቶች ያፍኗቸዋል። ሌላው ድርድር ነው፤ አንድ በአንድ ይለቀማል። ቅኝቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ነው፤ ያው አምስት ድምፅ፣ ግን እያንዳንዱ ሌላ ሆድ አለው። አስናቀች በጣት ፍጥነት የምታስደንቅ ደርዳሪ ናት ብለን አንዋሽም። እሷ ክራሩን የያዘችው እንደ ተዋናይ ነው። ግጥሟን ከማዜም ይልቅ ትናገረዋለች። አንድ ስንኝ ላይ ትቆማለች፣ ክራሩን ብቻዋን ትተወዋለች፣ ሰሚው ‹‹ከዚያስ?›› እንዲል ታደርጋለች፣ ከዚያ ቀጣዩን ቃል በግማሽ ሳቅና በግማሽ ንቀት ትጥለዋለች። እዚያው ግጥም እየፈጠሩ ሰው መንካት፣ በሰምና ወርቅ ወዳጅን መሸንቆጥ፣ የአዝማሪ ሙያ ነው። እሷ ግን የመድረክ ሰው ዝምታ ጨመረችበት። ይህንን ያወቅነው ከጓሳ ከተመለስን በኋላ ነው። ያንኑ ስልክ ላይ ያለውን ዘፈን ‹‹ይቺ ተዋናይት ናት›› ብለን ደግመን ስናዳምጠው ሌላ ዘፈን ሆነብን። በድምፁ ውስጥ ፊት አለ። እጅ አለ። የሚወደድና የሚናቅ ሰው ከፊቷ ቆሟል። እኛ የማናየው እሱን ብቻ ሳይሆን እሷንም ነው።

በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም ሥራ የጀመረው በዚያን ጊዜ የነበረውን የሀገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጥሩንባና ጊታር የበዛበት ዘመን ነው። በዚህ መሐል ክራር ይዞ መቆም ያለፈበት ሊመስል ይችል ነበር። አስናቀች ግን በ1960ዎቹ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋር ተቀርጻለች። ኃይሉ ያኔ የዋልያስ ባንድ ሰው ነው። ኦርጋኑ ከሥር እንደ ጭጋግ ይነጠፋል፣ ክራሩ ከላይ ይሄዳል። ይህ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ስለ አስናቀች የምናወራው ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ወሬ ብቻ ይሆን ነበር።

ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ለዓመታትም አልተነሳም። የምሽት ሙዚቃ የሚኖረው በምሽት ነው፤ ምሽቱ ሲወሰድ የአዲስ አበባ የሙዚቃ ቤቶች ተዳከሙ፣ ብዙ ሙዚቀኛ ተሰደደ። ኃይሉ መርጊያ ራሱ አሜሪካ ቀርቶ ለዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ብሔራዊ ቴአትር ግን የመንግሥት ቤት ነውና ሥራው ቀጠለ፤ ድርሰቶቹ የአብዮት ሆኑ እንጂ መጋረጃው አልተዘጋም። የመንግሥት ቅጥረኛ ተዋናይ ለምን እንዳልተሰደደ የሚጠይቅ ሰው መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ግን ደመወዝ ነው። መድረክ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ቁም ነገራችን።

በአውሮፓውያን 2003 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ‹‹ኢትዮፒክስ›› ተከታታይ 16ኛው ሲዲ የአስናቀች ሆኖ ወጣ። ርዕሱ ‹‹ባለ ክራሯ እመቤት›› እንደማለት ነው። ፓሪስ ሰማት፣ ለንደን ሰማት፣ ቶኪዮም የሰማ አለ። እኛም፣ ሳናፍር እንናገር፣ ብዙዎቻችን የሰማናት ከዚያ በኋላ ነው። በ2004 ዓ.ም. መስከረም 3 ቀን፣ አዲሱ ዓመት ገና በሦስተኛ ቀኑ ላይ ሳለ፣ አረፈች። በአውሮፓውያን 2013 ደግሞ ራሔል ሳሙኤል በሕይወቷ ላይ የሠራችው ‹‹አስኒ›› የተባለ ዘጋቢ ፊልም ወጣ። ፋልሴቶን ልናመሰግነው ይገባል፣ ራሔልን ደግሞ በእጥፍ። ነገር ግን ሲዲ ድምፅ ነው። ዓለም አስናቀችን ያወቃት በድምፅ ስለሆነ ‹‹ድምፃዊትና ክራር ተጫዋች›› ሆና ቀረች፤ ተዋናይነቷ በሕይወት ታሪኳ ላይ እንደ ምርቃት የሚጨመር ነገር ሆነ። እሷ ግን በየወሩ ደመወዝ የተከፈላት በተዋናይነቷ ነው።

በአባባ ተስፋዬ ላይ የደረሰውን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። እሳቸውም እንደ እሷ የመድረክ ሰው ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲከፈት ግን ወደ ካሜራው ፊት ሄዱና የልጆችን ዝግጅት ጀመሩ፤ ከአርባ ዓመት በላይ እዚያው ቆዩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ሕዝብ ፊታቸውን ያውቀዋል፣ ጣታቸውን ሲያወዛውዙ ያውቀዋል፣ ተረታቸውን ሲጨርሱ የሚያደርጉትን ያውቀዋል። የሚገርመው ግን የእሳቸውም የመድረክ ሥራ እንዲሁ ጠፍቶብናል። ያ ቀሚስ የለበሰ ወጣት፣ አዳራሹን በሳቅ የሚጥለው፣ የት አለ? የቀረልን ሽማግሌው ነው። ካሜራ ያገኘው ቀረ፣ ማይክሮፎን ያገኘው ቀረ። የሁለቱም ዋና ሥራ የነበረው፣ በየሳምንቱ ሌላ ሰው መሆን፣ መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር አብሮ ተዘጋ።

‹‹ቴአትር ባሕርይው ነው፣ በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው›› የሚለንን ሰው ሰምተነዋል። ልክ ነው። ፎቶ፣ የመግቢያ ወረቀት፣ የተዋንያን ስም ዝርዝር፣ የተመልካች ማስታወሻ ማስቀመጥ ግን የትም አገር ካሜራ አይጠይቅም። እኛ ደግሞ ማስቀመጥ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ያን ቀን ጠዋት የረገጥነው ሣር ምስክር ነው። የጓሳን መሬት የመንዝ ሰው ‹‹ቄሮ›› በሚለው ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም። ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው ይታጨዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሰዉ ግን በኋላ ሌላ መልክ ሰጥቶ መለሰው። ሣር እንዲህ ይጠበቃል። ሣሩ ‹‹የእኛ ነው›› የሚል ሰው አለው። የአስናቀችን ትወና ‹‹የእኔ ነው›› ያለው ማነው? ቤተሰብ ‹‹አዝማሪ የእኛ አይደለችም›› የሚልበት ዘመን ነበር። ቢሮው ተዋናይን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በፋይል ቁጥር ነው የሚያውቀው። ደራሲው መጽሐፉን አሳትሟል፣ ጉዳዩ አልቋል። ተመልካቹ ቀረ።

ያ ተመልካች ደግሞ ያን ማታ መሐል ሜዳ ላይ፣ ጥግ ተቀምጦ፣ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር።

አባወራውን ስለ ቴአትሩ እንዲነግሩን ለመንናቸው። ‹‹አባቴ፣ እስቲ ምን አዩ?›› በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወርደው ሦስት ዓመት ያህል ኖረዋል፤ አንድ የአገራቸው ልጅ ነው ‹‹ና አንድ ነገር ላሳይህ›› ብሎ ወደ ቴአትሩ የወሰዳቸው። ከደጁ ስለቆመው ትልቁ የድንጋይ አንበሳ ነገሩን። ጫማ ስላልነበራቸው ከጎረቤት መዋሳቸውን፣ ጫማው ጠቦ እግራቸውን ስለላጣቸው አዳራሹ ውስጥ ጨለማውን ተገን አድርገው ማውለቃቸውን ነገሩን። ሴቲቱ ስትወጣ ሰዉ ጸጥ ማለቱን፣ አጠገባቸው የነበረው ሰውዬ ማስነጠሱ መጥቶበት አፉን በሁለት እጁ መያዙን ነገሩን።

‹‹ቴአትሩስ ማን ይባላል?››

አሰቡ። እሳቱን ቆሰቆሱ። ረሳሁት አሉ።

‹‹እሷስ ምን ሆና ነበር የምትጫወተው?››

‹‹የሰው ሚስት ናት›› አሉ። ከዚያ ቆይተው ‹‹ኧረ እናት ናት መሰለኝ…›› አሉና ወደ ባለቤታቸው ዞረው ‹‹ያኔ አንቺን ገና አላገባሁም›› አሏቸው። እመቤቲቱ ሳቁ። ‹‹እንኳንም አላገባኸኝ፤ በሰው ጫማ!››

ነጋ። ጎህ ሲቀድ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ስንሳፈር ሣሩ ላይ ውርጭ ነበረ። በየቤታችሁ በዚያ አዳራሽ የተቀመጠ አያት ወይም አጎት ካላችሁ ጠይቁልን። የቴአትሩን ስም ባያስታውሱም ግድ የለም፤ እንዴት እንደቆመች፣ እጇን የት እንዳደረገች፣ ሰዉ የት ላይ እንዳለቀሰ ይንገሯችሁ፤ እናንተ ደግሞ ጻፉት።